በአሜሪካ በመኪና የሚደረግ የቢላ ጉዞ፦ ከአትላንታ እስከ ፖርትላንድ

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ጀርመን ነው። ሰንጢና በእጅ የተቀጠቀጠ ቢላ መሰብሰብ ከጀመርሁ ቆይቻለሁ፤ የጀርመን የቢላ ሥራ ማእከል የሆነችውን ዞሊንገንንም ደጋግሜ አይቻለሁ። በመጪው ጁን ወር የአራት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ከኒውዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ መኪና እየነዳሁ የአሜሪካን የቢላ ፋብሪካዎች በሙሉ ለማየት አስቤያለሁ። ከየት ብጀምር ይሻላል? ቢላ ይዤ ከግዛት ወደ ግዛት ስሻገር ሕጉ ምን ይለኛል? ምንስ ገዝቼ ልመለስ?»

ውድ ጠያቂ፣ ከሁሉ በፊት መንገድዎን ይቀይሩ። ከኒውዮርክ ሎስ አንጀለስ የሚያደርሰው መስመር በካርታ ላይ ሲያዩት ቢያምርም ለቢላ ወዳጅ የሚያተርፈው ጥቂት ነው። የአሜሪካ የቢላ ሥራ እንደ ዞሊንገን በአንድ ከተማ አልተሰበሰበም፤ እጅግ በተራራቁ ሦስት አካባቢዎች ተከፋፍሎ ይገኛል። አንደኛው በሰሜን ምዕራብ ፔንስልቬንያና በኒውዮርክ ግዛት ደቡባዊ ጠርዝ ያለው የድሮው የሰንጢ አገር ነው፤ ሁለተኛው ከጆርጂያ እስከ ቴክሳስ የሚዘረጋው የቀጥቃጮች ደቡብ ነው፤ ሦስተኛው ከኮሎራዶ ተነሥቶ በአይዳሆ በኩል ኦሪገን የሚደርሰው የዘመናዊ ታጣፊ ቢላ አገር ነው። በአራት ሳምንት ሦስቱንም አያለሁ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን በመሪ ላይ ያሳልፋል እንጂ የሚሠራ እጅ አያይም። የእኔ ምክር አንደኛውን ለሌላ ጊዜ ትተው ከአትላንታ እንዲነሡና ፖርትላንድ ላይ እንዲጨርሱ ነው፤ ይህም ቴክሳስን ከጨመሩ በጠቅላላው ወደ 6,300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መኪናውን በአንድ ከተማ ተከራይቶ በሌላ ከተማ መመለስ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ ስላለው፣ የአውሮፕላን ትኬትዎን ከመቁረጥዎ በፊት ጠቅላላ ዋጋውን ይጠይቁ።

አትላንታን መነሻ ያደረግሁበት ምክንያት የጊዜው መገጣጠም ነው። በዓለም ካሉት ትላልቅ የቢላ ትርዒቶች አንዱ የሆነው ብሌድ ሾው በየዓመቱ በጁን መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር በግንቦት መጨረሻ ገደማ፣ በዚያ ይካሄዳል። ፋብሪካ በመጎብኘት ብቻ የማያገኟቸውን፣ በየገጠሩ ለብቻቸው የሚሠሩ ቀጥቃጮች በሦስት ቀን ውስጥ በአንድ አዳራሽ ያገኟቸዋል። ስመ ጥር የሆኑት ባለሙያዎች ይዘውት የሚመጡት ቢላ ጥቂት፣ ፈላጊው ደግሞ ብዙ በመሆኑ አንዳንዶቹ በዕጣ ይሸጣሉ፤ ስምዎን ጽፈው ሳጥን ውስጥ ይጥላሉ፣ ዕጣው የወጣለት ሰው በተቆረጠው ዋጋ ይገዛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በሩ ሲከፈት ይግቡ፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ለመግዛት ሳይሆን ለመጠየቅ ይመለሱ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻጩ ደክሞት፣ ገበያውም ቀዝቅዞ ስለሚገኝ፣ ብረቱን በስንት ዲግሪ እንዳጠነከረና እጀታውን በምን እንዳጣበቀ በዝርዝር የሚያጫውትዎት ያኔ ነው።

ከአትላንታ በሰሜን አቅጣጫ አራት ሰዓት ያህል ነድተው ቴኔሲ ውስጥ ሲቪየርቪል ሲደርሱ ስሞኪ ማውንቴን ናይፍ ወርክስ የተባለውን ግዙፍ መደብር ያገኛሉ። በውስጡ ብሔራዊ የቢላ ሙዚየም የሚባለው ስብስብ ስለሚገኝ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ሰፊነቱ ግን እንዳያታልልዎት፤ ከጥሩው ዕቃ ጎን ለመንገደኛ የሚሸጥ ርካሽ ዕቃም ተደርድሯል። በተለይ ‹ደማስቆ›፣ ማለትም የተለያየ ብረት ተደራርቦ በመቀጥቀጡ ሞገድ የሚታይበት ስለት፣ የሚል ስም ተለጥፎበት በሠላሳና በአርባ ዶላር የሚሸጥ ካራ በየነዳጅ ማደያውም ጭምር ስለሚያጋጥምዎት፣ የላዩን ሞገድ ብቻ አይተው አይግዙ። የብረቱን ዓይነትና ማን እንዳጠነከረው ሻጩ ሊነግርዎ ካልቻለ፣ ያ ሞገድ ጌጥ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ረጅም መንገድ ናሽቪልንና ሜምፊስን አቋርጦ አርካንሳስ ያደርስዎታል፤ ወደ 890 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን በሁለት ቀን ይክፈሉት። ከጉዞዎ ሁሉ ብዙ ቀን ሊሰጡት የሚገባው ግዛት ይህ ነው። ብዙ ጎብኚዎች ትልልቅ ፋብሪካዎች የሉበትም ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን አንድ ግዛት ብቻ ምረጥ ብባል ሳላመነታ አርካንሳስን እመርጣለሁ።

በሊትል ሮክ የሚገኘው የአርካንሳስ ታሪክ ሙዚየም ለቢላ ብቻ የተለየ ቋሚ አዳራሽ አለው፤ በውስጡም የቡዊ ቢላ የሚባለው ዓይነት ከመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ጀምሮ እንዴት እንደተለወጠ ይታያል። ታሪኩን ሳያውቁት አይቀሩም። ጂም ቡዊ በ1827 በሚሲሲፒ ወንዝ አሸዋማ ደሴት ላይ በተደረገ ጠብ በትልቅ ቢላ ራሱን በመከላከሉ ስሙ በየጋዜጣው ናኘ፤ በ1836 ደግሞ በቴክሳስ በአላሞ ምሽግ ሞተ። በአርካንሳስ ትውፊት መሠረት ዝነኛውን ቢላ የሠራለት በዋሽንግተን ከተማ ይኖር የነበረው ቀጥቃጭ ጄምስ ብላክ ነው። ብላክ በኋላ ዓይነ ስውር ሆነ፤ በእርጅናው የብረቱን ምስጢር ሊናገር ፈልጎ ማስታወስ እንዳቃተው በኋላ የግዛቲቱ ገዥ የሆኑት ዳንኤል ዌብስተር ጆንስ ጽፈውታል። ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ትውፊት ላይ አይስማሙም፤ የጂም ቡዊ የራሱ ነበር ተብሎ ያለ ጥርጥር የተረጋገጠ ቢላም የለም። ይህን አስቀድመው ካወቁ፣ በጉዞዎ ላይ «ይህ የእርሱ ቢላ ነው» ብሎ የሚሸጥልዎት ሰው ቢያጋጥምዎ ገንዘብዎን ይቆጥባሉ።

ያችን ዋሽንግተን ከዋና ከተማው ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር እንዳያምታቱ፣ በስልክዎ አቅጣጫ ሲፈልጉ የግዛቲቱን ስም ጨምረው ይጻፉ። ሆፕ ከምትባለው ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ፣ አሮጌ የእንጨት ቤቶቿ ተጠብቀው የቆዩላት ትንሽ መንደር ናት። ዘመናዊው የአሜሪካ የቀጥቃጮች ትንሣኤ ከዚህች መንደር ጋር የተሳሰረ ነው። ቢል ሞራን የተባለው የሜሪላንድ ቀጥቃጭ በ1973 ራሱ የሠራቸውን የደማስቆ ቢላዎች በአንድ ትርዒት ላይ ሲያሳይ፣ ቢላ የሚሠሩት አብዛኞቹ አሜሪካውያን ከተዘጋጀ የብረት ዘንግ እየሞረዱ ነበር እንጂ በመዶሻ እየቀጠቀጡ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ ሞራንና ባልደረቦቹ የአሜሪካ የቢላ ቀጥቃጮች ማኅበርን መሠረቱ፤ በ1988 ደግሞ በዚህችው ዋሽንግተን የማስተማሪያ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዛሬ በጄምስ ብላክ ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት በሆፕ-ቴክሳርካና የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በዚያው መንደር ያስተምራል። አጭር ኮርስ ለመውሰድ ካሰቡ ከወራት በፊት ይመዝገቡ፤ በጎብኚነት የሚገቡ ከሆነም ኮርሱ ለመዝናኛ የሚወሰድና የትምህርት ነጥብ የማይሰጥ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ነጥብ የሚሰጥ ትምህርት ሌላ ዓይነት ቪዛ ይፈልጋልና።

ማኅበሩ አባላቱን የሚፈትንበት መንገድ ስለ ቢላ ያለዎትን አመለካከት ሊለውጥ የሚችል በመሆኑ ጥቂት ልቆይበት። የመጀመሪያውን ማዕረግ የሚፈልግ ቀጥቃጭ ራሱ በሠራው ቢላ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ የአንድ ኢንች ውፍረት ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ አለበት። ቀጥሎ በዚያው ቢላ ለቤት ግንባታ የሚያገለግል ሁለት በአራት ኢንች ጣውላ ሁለት ጊዜ ቆርጦ ይጥላል። ከዚያ በኋላ ስሉን ሳያድስ የክንዱን ፀጉር ይላጭበታል። በመጨረሻም ጫፉን በሞርሳ አስይዞ ስለቱን ዘጠና ዲግሪ ያጥፈዋል፤ ቢላው ከተሰበረ ፈተናው ወደቀ ማለት ነው። አንድ ብረት ፀጉር ለመላጨት መጠንከር፣ ሳይሰበር ለመታጠፍ ደግሞ መላላት አለበት፤ ሁለቱን በአንድ ቢላ ላይ የሚያስማማው ነገር ቀጥቃጩ ብረቱን ያጋለበት የእሳት መጠንና በዘይት ያቀዘቀዘበት አኳኋን ነው። አፉ ጠንክሮ ጀርባው እንዲለዝብ ማድረግ የሚባለው ጥበብ ይኸው ነው። የበላዩን የሊቅነት ማዕረግ የሚሻ ደግሞ ይኸንኑ ፈተና ቢያንስ ሦስት መቶ ድርብ ባለው የደማስቆ ብረት ያልፋል፤ ለዳኞች ከሚያቀርባቸው አምስት ቢላዎች መካከልም አንዱ መስቀለኛ ጠባቂ ያለው፣ በሁለት ወገን የተሳለ ጩቤ መሆን ይኖርበታል። በብሌድ ሾው ጠረጴዛ ላይ የማዕረጉ ምልክት ያለበትን ቢላ ሲያዩ እንግዲህ ይህን ሁሉ ያስታውሱ።

ከእነዚህ ቀጥቃጮች ብዙዎቹ የሚወዱት 5160 የሚባለው ብረት ነው። ወደ 0.6 በመቶ ካርቦንና ጥቂት ክሮሚየም ያለው፣ ለመኪና ባሌስትራ የሚሠራበት ብረት ነው፤ የአገራችን ቀጥቃጮችም ከአሮጌ ባሌስትራ ቢላ፣ ማጭድና መጥረቢያ የሚያወጡት የጭነት መኪና ሞልቶ ስለተረፈ ብቻ ሳይሆን ባሕርዩ ለመዶሻና ለስለት ስለሚመች ነው። አርካንሳስ ላይ ከአንድ ቀጥቃጭ ጋር ወሬ ለመጀመር ይህ ከምንም የተሻለ መግቢያ ነው።

በሊትል ሮክና በዋሽንግተን መካከል ሆት ስፕሪንግስ ላይ ይደሩ። ፍል ውኃው ለደከመ ወገብ መልካም ነው፤ እርስዎን የሚስብዎት ግን በዙሪያው ባሉት ኮረብቶች የሚገኘው ኖቫኩላይት የተባለው ድንጋይ መሆን አለበት። ይህ ድንጋይ እጅግ ከደቀቁ የኳርትዝ ቅንጣቶች የተሠራ፣ ንጹሕ ሲሊካ ሊባል የሚችል ነው። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ እየቆፈሩ የቀስትና የጦር ጫፍ ሠርተውበታል፤ ‹የአርካንሳስ ድንጋይ› በመባል በዓለም የታወቀው ሞረድም ከዚሁ ይወጣል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የተጠጋጉበት መጠን ደረጃውን ይወስናል፤ ለስላሳ የሚባለው ብረቱን ቶሎ ይበላል፣ ጠንካራው ያስተካክላል፣ ብርሃን የሚያሳልፈውና ጥቁሩ ደግሞ ስለቱን ያለሰልሳሉ። በአካባቢው ካሉት ድንጋይ ፈላጮች ዘንድ ሄደው በእጅዎ እየዳሰሱ ቢመርጡ ከየትኛውም የቱሪስት ዕቃ የበለጠ ሀብት ይዘው ይመለሳሉ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ይህ ድንጋይ ቀላል የካርቦን ብረትንና ተራውን የማይዝግ ብረት በደንብ ሲስል፣ ቫናዲየም የተባለው ማዕድን የበዛባቸውን፣ ከብረት ዱቄት ተጨምቀው የሚሠሩትን ዘመናዊ የዱቄት ብረቶች ግን አያሸንፍም። በእነዚያ ብረቶች ውስጥ የሚፈጠረው ቫናዲየም ካርባይድ ከኳርትዝ የጠነከረ በመሆኑ ለእነርሱ የአልማዝ ሞረድ ያስፈልጋል። ውድ ቢላ ገዝተው «አልሳል አለኝ» የሚሉ ደንበኞች ወደ እኔ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የድንጋዩ እንጂ የቢላው ሆኖ አይገኝም።

ወደ ቴክሳስ የሚሻገሩት ከፈለጉ ብቻ ነው። አላሞን ማየት ለታሪክ ይጠቅማል፤ ለቢላ ግን ብዙ የሚጨምርልዎት የለም፤ ከሳን አንቶኒዮ እስከ ዴንቨር ያለው መንገድም ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

አሁን ወደ ሕጉ ልመለስ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ አሳሳቢው ይህ ነውና። በአሜሪካ ቢላ ስለ መያዝ የሚገዛ አንድ ሕግ የለም፤ ፌዴራሉ፣ ግዛቱና አንዳንድ ጊዜም ከተማው የየራሳቸውን ይደነግጋሉ። ቴክሳስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፦ የቡዊን ስም በኩራት የምትጠራው ግዛት ቡዊ ቢላን ይዞ በአደባባይ መሄድን የፈቀደችው በ2017 ነው፤ ዛሬም ስለቱ ከ5.5 ኢንች፣ ማለትም ከ14 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የሚበልጥ ቢላ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መሳሰሉት ቦታዎች አይገባም። ቴኔሲ በ2014 የርዝመት ገደቧንና በባለ ሞላ ሰንጢ ላይ የነበራትን ክልከላ አንሥታለች። ኮሎራዶ ውስጥ ግን ስለቱ ከ3.5 ኢንች፣ ማለትም ከ8.9 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ቢላ ደብቆ መያዝ ለአደንና ለዓሣ ማጥመድ ካልሆነ በቀር ያስጠይቃል። በዕቅድዎ የነበረችው ኒውዮርክ ከተማ ደግሞ 4 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ቢላ በአደባባይ መያዝን ትከለክላለች፤ አጭሩንም ቢሆን በኪስዎ ጠርዝ ላይ ቆንጥጦ እንዲታይ ማድረግ ያስቀጣል። ይህ ሁሉ ሊለወጥ ስለሚችል ከመነሣትዎ በፊት በየግዛቱ ያለውን ሕግ እንደገና ይመልከቱ።

ከግዛቶቹ በላይ ያለው የፌዴራል ሕግ ሦስት ቦታ ላይ ያገኝዎታል። ወደ ፌዴራል ሕንፃ ሲገቡ፣ ለምሳሌ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባለ የጎብኚዎች ማዕከል፣ ስለቱ 2.5 ኢንች ከሚሞላ ከማንኛውም ቢላ ነጻ ይሁኑ። በአውሮፕላን ሲበሩ ደግሞ በአውሮፓ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ስለት በእጅ ሻንጣ የሚፈቀድበትን ልማድ ይርሱት፤ በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ትንሿም ሰንጢ ትወሰዳለች፣ ስለዚህ ሁሉንም ጠቅልለው በሚጫነው ሻንጣ ያስገቡ። ሦስተኛው ባለ ሞላ ሰንጢን ይመለከታል፤ ቁልፍ ሲነኩት በሞላ ኃይል የሚከፈተውን ዓይነት ከውጭ ወደ አሜሪካ ማስገባት ከ1958 ጀምሮ የተከለከለ በመሆኑ ከቤትዎ ይዘው እንዳይመጡ። ስለቱን እርስዎ በጣትዎ ገፍተው ከጀመሩት በኋላ ብቻ ሞላው የሚያግዘው ዓይነት በ2009 ከዚህ ክልከላ ነጻ ወጥቷል።

በመንገድ ላይ የሚገዙትን ሁሉ በማሸጊያው እንዳለ ከነደረሰኙ በመኪናው የኋላ ሻንጣ ቆልፈው ያስቀምጡ፤ በኪስዎ ከአንዲት አጭር ሰንጢ በላይ አይያዙ። ፖሊስ መኪናዎን ካስቆመ እጆችዎን መሪው ላይ አድርገው ይጠብቁ፤ ሰንጢ ይዘው እንደሆነ ከተጠየቁም አስቀድመው በቃል ይናገሩ እንጂ ለማሳየት ብለው እጅዎን ወደ ኪስ አይስደዱ። ይህን የምለው እንደ እኛ ያለ ጥቁር ሾፌር በዚህ አገር መንገድ ላይ ሊዘነጋው የማይገባ ነገር ስለሆነ ነው። በአንዳንድ የቢላ ገበያ ጠመንጃም አብሮ ስለሚሸጥ፣ በጎብኚነት የገባ የውጭ ዜጋ የጦር መሣሪያና ጥይት መያዝ በአብዛኛው በፌዴራል ሕግ እንደሚከለከልም ይወቁ። ምናልባት በሌላ ጊዜ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ቢሄዱ፣ መንገድ ለማሳጠር ብለው በካናዳ በኩል አያቋርጡ፤ ካናዳ እጅን በማወናጨፍ ብቻ የሚከፈት ታጣፊ ቢላን እንደ ተከለከለ መሣሪያ ስለምትቆጥር በስብስብዎ ውስጥ ያለው ጥሩ ሰንጢ ሁሉ ድንበር ላይ ሊያስይዝዎት ይችላል።

ወደ መንገዱ ስንመለስ፣ በኮሎራዶ ከዴንቨር በስተምዕራብ ባለችው ጎልደን ከተማ የስፓይደርኮ መደብርና ፋብሪካ ይገኛሉ። መሥራቾቹ ሳልና ጌል ግሌሰር በአሮጌ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ከትርዒት ትርዒት እየዞሩ ኖረው በ1978 እዚያ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ተራ ነገር የመሰለን ሁሉ፣ ይኸውም በአንድ እጅ ለመክፈት የሚያገለግለው ክብ ቀዳዳና ሰንጢውን በኪስ ጠርዝ ላይ የሚያቆየው ቆንጣጭ፣ በ1981 በአንድ ላይ በእነርሱ ሰንጢ ላይ ነው የመጡት። ከዚያ 1,340 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ቦይዚ ሲደርሱ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ በ1989 የመጣው ክሪስ ሪቭ ያቋቋመው ወርክሾፕ አለ። የእርሱ ታጣፊ ቢላዎች የሚደነቁት በጌጥ ሳይሆን ክፍሎቹ በሚገጣጠሙበት ጥራት ነው፤ በ2001 ለቢላ ተብሎ የተቀመመው ኤስ 30 ቪ የተባለው የዱቄት ብረት ሲዘጋጅም እጁ አለበት።

በሰሜን አይዳሆ ፖስት ፎልስ ያለው የበክ ፋብሪካ ለጎብኚ በሩን የሚከፍት በመሆኑ ከትልልቆቹ መካከል በተለይ የምመርጥልዎ እርሱን ነው። ሆይት በክ የመጀመሪያ ቢላውን የሠራው በ1902 በካንሳስ የቀጥቃጭ ተለማማጅ ሳለ ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ገደማ የወጣው ሞዴል 110 ደግሞ ታጣፊ ቢላ እንደ ቋሚ ቢላ ጠንካራ ሊሆን እንደሚችል ለአሜሪካ አዳኞች ያሳመነ ነው። ድርጅቱ በ2005 ከካሊፎርኒያ ወደዚህ ተዛውሯል። አስቀድመው ቀጠሮ ይያዙ፤ ጣትን የሚሸፍን ጫማም ያድርጉ። ስለቱ ከምድጃ ወጥቶ እስኪሳል ድረስ ያለውን ሂደት ሲያዩ፣ በዋጋ ርካሽ የሆነው 420 ኤች ሲ የተባለው ብረት በትክክል ሲጠነከር እንዴት ከውድ ብረት ጋር እንደሚወዳደር ይገባዎታል። የብረቱን ስም ብቻ እያዩ ለሚገዙ ሰዎች ይህ ጉብኝት ግዴታ ቢሆን እወድ ነበር።

ኦሪገን ላይ ብዙ ድርጅቶች በአንድ አካባቢ የተሰበሰቡት በአጋጣሚ አይደለም። ገርበር የተባለው ድርጅት በ1939 ፖርትላንድ ላይ ተመሠረተ፤ በዚያ የሠሩ ሰዎች ደግሞ ወጥተው የየራሳቸውን ከፈቱ፣ ለምሳሌ ፒት ከርሾው በ1974 በስሙ የሚጠራውን ድርጅት አቋቋመ። ቤንችሜድ ኦሪገን ሲቲ፣ ሌዘርማን ፖርትላንድ ውስጥ ናቸው። የኋለኛው መሥራች ቲም ሌዘርማን ሐሳቡ የመጣለት በ1975 በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር መኪናው እየተበላሸ ስላስቸገረው ነበር፤ ፒንሳና ቢላ በአንድ ያጣመረውን የመጀመሪያውን መሣሪያ ለመሸጥ ግን እስከ 1983 ለፍቷል። ኦሪገን የሽያጭ ግብር ስለሌላት ትልቁን ግዢዎን እዚያ ያድርጉ፤ በሌሎቹ ግዛቶች ዋጋው ላይ የተጻፈው ግብሩን አይጨምርም፣ ቴኔሲ ላይማ ከነከተማው ድርሻ ወደ አሥር በመቶ ይጠጋል።

የተውነው የድሮው የሰንጢ አገር እንዳያስቆጭዎ፣ ከበፋሎ ተነሥተው በሦስት ቀን የሚያዳርሱት ሌላ አጭር ጉዞ ያድርጉት፦ ኦሊያን የካ-ባር፣ ብራድፎርድ የኬስ፣ ታይተስቪል ደግሞ በድሮ ዘዴ የሚሠራው የግሬት ኢስተርን የተባሉት ቢላ ሠሪ ድርጅቶች ከተሞች ናቸው። እስከዚያ ድረስ በየአሮጌ ዕቃ ገበያው የኬስ ሰንጢ ያጋጥምዎታልና ዕድሜውን መለየት ይወቁ። ከ1970 ጀምሮ በስለቱ ሥር ካለው ማኅተም በታች አሥር ነጥቦች ተመትተው በየዓመቱ አንድ አንድ ይቀነስ ነበር፤ ስለዚህ ሰባት ነጥብ ያለው የ1973 ነው። 6254 በሚለው የዓይነቱ ቁጥር ውስጥ ደግሞ 6 የተጠረበ የአጥንት እጀታን፣ 2 የስለቶቹን ብዛት፣ 54 የቅርጹን መለያ ያመለክታል። እጀታው እንጨት ሆኖ ቁጥሩ በ6 ከጀመረ አንድ ሰው ክፍሎቹን ቀያይሯቸው ሊሆን ስለሚችል ይጠንቀቁ።

ስለሚገዙት ነገር ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ ከፋብሪካ አንድ፣ ከቀጥቃጭ እጅ አንድ፣ ከሆት ስፕሪንግስ ሁለት ድንጋይ ይበቃዎታል። ከቀጥቃጭ ሲገዙ ግን ከስለቱ ይልቅ እጀታው ሊያስቸግርዎት ይችላል። የዝሆን ጥርስ፣ የባሕር አንበሳ ዓይነት አውሬ የሆነው የዎልረስ ጥርስ፣ እንዲሁም ከ2019 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ውስጥ የገባው የቀጭኔ አጥንት ያለ ተገቢው ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። የአሮጌ ቢላ ነጋዴ «ይህ ጥንታዊ ስለሆነ ችግር የለውም» ቢልዎት ፈቃዱን በጽሑፍ ካላሳየዎ አይመኑት። የከብት አጥንት፣ ተራ እንጨትና ሚካርታ የሚባለው በሙጫ የጠነከረ ጨርቅ ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው።

ወደ ጀርመን ሲመለሱ ባለ ሞላ ሰንጢ፣ እጀታው ለሁለት ተከፍሎ የሚገለበጠው የቢራቢሮ ሰንጢና በጡጫ የሚያዘው ጩቤ ይዘው አይግቡ፤ ባለ ሞላው በ2024 መጨረሻ ላይ በወጣው ማጥበቂያ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ተከልክሏል፣ ቴኔሲ ላይ ሕጋዊ መሆኑም ጉምሩክ ላይ ምንም አይረዳዎትም። በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፈውን ሰንጢና ስለቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠውን ቋሚ ቢላ ግን ገዝተው ቤትዎ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ የሚከለከለው ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ይዞ መሄድ ስለሆነ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቤትዎ በተዘጋ ሻንጣ ያጓጉዙት። የገዙት ሁሉ ተደምሮ ከ430 ዩሮ ከበለጠ ደረሰኞቹን በእጅዎ ይዘው በቀዩ መውጫ በኩል ያስታውቁ።